የመኪና ዋጋ ከሰቆጣ ሲታይ

በሰቆጣ ከተማ አንድ ባጃጅ ተገዝቶ ሲገባ ደስታው የገዢው ብቻ አይሆንም። ዕቁቡን ቀድሞ እንዲወስድ የፈቀደለት ጓደኛ፣ ፍየል ሸጦ ያገዘው አባት፣ ከዓረብ አገር ገንዘብ የላከችለት እህት፣ ለብድሩ ዋስ የገባለት ጎረቤት፣ በዚያች ባለሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ላይ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ጸበል ይረጭባታል፣ ቡና ይፈላል፣ ሽማግሌዎች እንጀራ እንድትሆነው ይመርቃሉ። ዝናብ በሚያጥርበት፣ የሴፍቲኔት ተረጂው በበዛበት፣ ሰቆጣ ባለችበት በዋግ ኽምራ አንድ ቤተሰብ ጥሪቱን አሟጥጦ በአንድ ተሽከርካሪ ላይ ማዋሉ ለሩቅ ተመልካች እንቆቅልሽ ይመስላል። ለአካባቢው ሰው ግን ነገሩ የታሰበበትና የተሰላ ነው።

ከ120 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ ባላት ኢትዮጵያ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተመዘገበው ተሽከርካሪ 1.2 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ለመቶ ሰው አንድ ማለት ነው። ከዚያም ውስጥ ግማሽ ያህሉ አዲስ አበባ ነው ያለው። አገሪቱ በዓለም ላይ መኪና በጣም ከሚያንስባቸው አንዷ ስትሆን፣ ከሕዝቡ ገቢ አንጻር ደግሞ መኪና በጣም ከሚወደድባቸው አንዷ ናት።

ውድነቱ የሚጀምረው ከጉምሩክ ነው። እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው አሠራር ለአንድ የቤት አውቶሞቢል 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ይከፈል ነበር። በዚያ ላይ እንደ ሞተሩ ጉልበት 30፣ 60 ወይም 100 በመቶ ኤክሳይስ ታክስ ይጨመራል። ከዚያም 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ ይከተላሉ፤ ነጋዴ ሲያስገባው ደግሞ 3 በመቶ ቅድመ ግብር አለ። አንዱ ግብር በሌላው ላይ እየተደረበ ስለሚሰላ ወደብ ላይ 100 ሺህ ብር የነበረች ባለትልቅ ሞተር መኪና ሁሉ ተከፍሎላት ስትወጣ 345 ሺህ ብር ገደማ ትደርስ ነበር። የአስመጪው ትርፍና የደላላው ድርሻ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አነስተኛ ሞተር ላላቸው አዳዲስ መኪኖች ታክሱን ወደ 5 በመቶ ዝቅ አደረገ፤ ያገለገሉ መኪኖችን ግን ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ከገዢ አቅም በላይ አወጣቸው። መካከለኛ ገቢ ያለው ኢትዮጵያዊ ይገዛ የነበረው ደግሞ ያገለገለውን ነው። ከጃፓንና ከዱባይ የምትመጣው ቪትዝ በአንድ ወቅት የመምህርና የነርስ ምኞት ነበረች፤ ዋጋዋ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ሲወጣ ግን ከደመወዝተኛው አቅም ውጭ ሆነች።

እንዲህ ተወድዶም ገዢ አልጠፋም። ምክንያቱን ለማግኘት የባንክ ደብተር ማየት ይበቃል። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ወዲህ ባንኮች ለቆጣቢ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ገንዘቡን ባንክ ያስቀመጠ ሰው በየዓመቱ እያየ ሲቀነስበት፣ መኪና የገዛው ሦስት ዓመት ነድቶባት ከገዛበት በላይ ይሸጣታል። በሌላው ዓለም አዲስ መኪና ከመሸጫው በር እንደወጣች ዋጋዋ መውረድ ይጀምራል፤ እዚህ ሊብሬው ራሱ የቁጠባ ደብተር ሆኗል። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የቤት አውቶሞቢሎችን ጨምሮ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ሲከለክል አስቀድሞ መኪና የያዘ ሰው ይበልጥ ተጠቀመ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅም ከ57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መሬት መግዛት ለማይችል፣ አክሲዮን ገበያ ደጁ ላልደረሰ ቤተሰብ ከብረት የተሠራ ንብረት የተሻለ መጠለያ ሆኖ ቢታየው የሚፈረድበት አይደለም።

በዋግ ግን ከቁጠባው በላይ የሚከብድ ሌላ ምክንያት አለ፤ እሱም መልክዓ ምድሩ ነው።

ሰቆጣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የዋግ ሹሞች መቀመጫ በነበረችበት ዘመን የጨው ንግድ መናገሻም ነበረች፤ ከአፋር ዝቅታ የተቆረጠው አሞሌ በግመል፣ በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ይደርስባትና ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ይከፋፈል ነበር። በዚያን ዘመን የደጋው ሰው ከፍ ያለ ገንዘብ የሚያወጣበት መጓጓዣ በቅሎ ነበረች። ገደል የማትፈራ፣ ጭነትና ሰው የምትችል በቅሎ የክብርም የሥራም ንብረት ናት፤ ኮርቻዋና ጌጧ የጌታዋን ደረጃ ይናገራል። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ መኪናዋ የተረከበችው ይህንኑ የበቅሎን ቦታ ነው። ሰው ለመጓጓዣው ብዙ መክፈል የጀመረው እንግዲህ ሞተር ሲመጣ አይደለም።

ዛሬም ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ሸለቆ ለሚወርድ፣ ወደ አምደወርቅ፣ ወደ አስከተማ ወይም ወደ ኒሯቅ ለሚሄድ ሰው ትራንስፖርት ማለት የተገኘው ነው። የገበያ ቀን አይሱዙው ከእህል፣ ከፍየልና ከማር ጋር ሰው ይጭናል። በሌላው ቀን መናኸሪያ ገብቶ እስኪሞላ መጠበቅ፣ ካልሆነም ኮንትራት መያዝ ነው፤ የኮንትራቱ ሒሳብ ደግሞ የአንድ ገበሬን የወር ወጪ ሊበላ ይችላል። በ1990ዎቹ ዓመታት የተጀመረው የመንገድ ልማትና ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ቀበሌን ከቀበሌ ለማገናኘት የተዘረጋው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ብዙ ቦታ ጠጠር አድርሰዋል። ጠጠሩ በክረምት ይታጠባል፣ ጎርፍ ይቆርጠዋል። ከጋሸና በቢልባላ አድርጎ ሰቆጣ የሚገባው መንገድ አስፓልት ይሁን የሚለው ጥያቄም የዋግ ሕዝብ የዘመናት ጥያቄ ነው።

የመንገዱ ችግር ትርጉም የሚኖረው ሰው ሲታመም ነው። መንገድ በሌለበት ቀበሌ ምጥ የጠናባት እናት አሁንም በቃሬዛ ነው የምትወጣው። ወጣቶች እየተፈራረቁ ተሸክመው መኪና የሚደርስበት ቦታ ያወጧታል፤ ከዚያ ደግሞ አምቡላንስ ይጠበቃል። መንግሥት በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ለየወረዳው አምቡላንስ ማከፋፈሉ የብዙ እናቶችን ሕይወት አትርፏል። ሆኖም አንድ ወረዳ በአንድ ወይም በሁለት አምቡላንስ አይሸፈንም፤ ያለውም በሰሜኑ ጦርነት ዓመታት ተጎድቷል። በዚህ መሬት ላይ በአንድ ቀበሌ ውስጥ አንድ መኪና ያለው ሰው መኖሩ ለመንደሩ ሁሉ መድን ነው። ባለንብረቱም ያውቀዋል። ሌሊት በሩ ሲንኳኳ ተነስቶ ቁልፍ የሚያነሳው እሱ ነው።

ክብርም አለ፤ አይካድም። በአዲስ አበባ የሠርግ አጀብ የሚለካው በመኪናው ብዛት ነው፤ ባለሥልጣን የሚታወቀው በላንድክሩዘሩ ነው። ዋግ ውስጥ ደግሞ ከ1977ቱ ድርቅ ጀምሮ ነጩ ላንድክሩዘር የርዳታ ድርጅትና የመንግሥት ምልክት ሆኖ ኖሯል። ልጆች መኪና ማየት የጀመሩት ሥልጣንና እህል ይዞ ሲመጣ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ያደገ ሰው መኪና ሲመኝ የሚመኘው ጌጥን ብቻ አይደለም፤ ከጠያቂነት መውጣትንም ነው።

ከግዢው በኋላ ያለው ወጪ ከግዢው አያንስም። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. 47.83 ብር የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ 101.47 ብር ገባ። ይህ የማደያ ዋጋ ነበር። ማደያ ነዳጅ ሲያልቅበት፣ በየመንገዱ ዳር በጀሪካንና በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ከዚያ በላይ ነው። ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን አሉ፤ ጎማ፣ የፍሬን ሸራና ሲሊንደር ደግሞ ሁሉም በዶላር ዋጋ የሚመጣ ነው። በጠጠር መንገድ ላይ ተሽከርካሪ ከአስፓልት ይልቅ ፈጥኖ ያረጃል፤ ስለዚህ መንገድ የተነፈገው ባለንብረት መንገድ ካለው የበለጠ ይከፍላል።

መንግሥት ለዚህ ሁሉ የሰጠው ትልቁ መልስ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ሲያስታውቁ ኢትዮጵያ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ አገሪቱ በዓመት ለነዳጅ 6 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ታወጣ ነበር፣ ኤሌክትሪኩን ግን በአብዛኛው የምታመነጨው ከራሷ ወንዞች ነው። የኤሌክትሪክ መኪኖች ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከኤክሳይስ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ተደርገው፣ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ እንዲከፈል ተወሰነ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የሚደርሰው ግን ለማን ነው? ባትሪ መሙያው የተሰበሰበው በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ነው። በጦርነቱ ወቅት ለብዙ ወራት መብራት ተቋርጦባት በቆየችው ሰቆጣ፣ ከመስመሩ ጫፍ ላይ ላለ ነዋሪ፣ የቤት ኤሌክትሪክ መኪና ገና ሩቅ ነው። የታክስ ቅናሹ ግቢና ቻርጀር ላለው ደረሰ፤ አይሱዙ ላይ ቆሞ የሚሄደው ገበሬ ከቅናሹ ምንም አላገኘም።

መኪናን ማስወደድ በራሱ ጥፋት አይደለም። ሲንጋፖር ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መኪና የመያዝ ፈቃድን በጨረታ ትሸጣለች፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የትልቅ መኪና የ10 ዓመት ፈቃድ ብቻውን ከ100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ይህን የምታደርገው ግን ለዜጋዋ በደቂቃ ልዩነት የሚመጣ ባቡርና አውቶቡስ አቅርባ ነው። ኢትዮጵያ ዋጋውን ከፍ አድርጋ አማራጩን አላቀረበችም። ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ለምን በመኪና ብዙ ያወጣል ብሎ መውቀስ የሚቻለው በሌላ መንገድ መድረስ ሲችል ነው።

መፍትሔው ከገንዘብ እጥረት ብቻ የዘገየ አይመስልም። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከሚሸጠው ነዳጅ ላይ ይሰበሰባል፤ የሰቆጣ ባጃጅ ሹፌርም በሊትሩ ይከፍላል። ከዚህና ከተሽከርካሪ ግብር ከሚገኘው ገቢ ድርሻ ተቆርጦ ጠጠሩ ከእያንዳንዱ ክረምት በኋላ ይጠገን፣ የጋሸና መንገድ ይለቅ፤ ሰቆጣን ከአምደወርቅ፣ ከአስከተማና ከኒሯቅ የሚያገናኝ፣ ሰዓቱ የታወቀ፣ ዋጋው የተደጎመ አውቶቡስ በገበያ ቀንም በሌላውም ቀን ይመደብ። ለግል ኤሌክትሪክ መኪና የተፈቀደው የግብር ነጻነት መጀመሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ አውቶቡስና ለወረዳ አምቡላንስ ቢሆን፣ ፍየሏን ለባጃጅ የሚሸጠው አባት ለልጁ ትምህርት ወይም ለመስኖ ፓምፕ ሊሸጣት ይችል ነበር።