አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ዋጋ፦ ፈረንሳይ ከአማዞን ጋር የገባችው እሰጥ አገባ

ፓሪስ ውስጥ አዲስ የወጣ ልቦለድ መግዛት የፈለገ ሰው ዋጋ ለማወዳደር ሱቅ ለሱቅ መዞር አያስፈልገውም። ሽፋኑ ላይ 20 ዩሮ ተብሎ ከታተመ፣ በሰፈሩ ትንሽ መደብርም ሆነ በአማዞን ያው 20 ዩሮ ነው። መደብሩ ደንበኛውን ላስደስት ቢል እንኳ መቀነስ የሚችለው ቢበዛ 5 በመቶ፣ ማለትም አንዲት ዩሮ ነው። ዋጋ የሚቆርጠው አሳታሚው እንጂ ሻጩ አይደለም።

ይህን የደነገገው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን፣ በወቅቱ የባህል ሚኒስትር በነበሩት በዣክ ላንግ ስም ይጠራል። ያኔ ትንንሾቹን መደብሮች ያሰጋቸው ኢንተርኔት ሳይሆን ፍናክ የተባለው ባለብዙ ቅርንጫፍ መደብር ነበር። ፍናክ መጻሕፍትን በ20 በመቶ ቅናሽ ይሸጥ ነበር። የሕጉ ደጋፊዎች ስሌት ቀላል ነው፤ ፈጥነው የሚሸጡትን መጻሕፍት ትልቁ ነጋዴ በቅናሽ ጠራርጎ ከወሰዳቸው፣ ትንሹ መደብር በዓመት ጥቂት ቅጂ ብቻ የሚሸጥለትን የግጥም መድበል መደርደሪያው ላይ የሚያቆይበት አቅም ያጣል።

እንግሊዝ በተቃራኒው መንገድ ሄደች። ከ1900 ጀምሮ የመጽሐፍ ዋጋን ያጸና የነበረው የአሳታሚዎች ስምምነት፣ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ሲወጡበት በ1995 ፈረሰ፤ በ1997 ደግሞ ፍርድ ቤት ሕገ ወጥ አለው። ውጤቱ ፍንትው ብሎ የታየው በ2007 የመጨረሻው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ሲወጣ ነው። 17.99 ፓውንድ የተተመነለትን መጽሐፍ አስዳ የተባለው ሱፐርማርኬት በ5 ፓውንድ ቸበቸበው። ባለትንሽ መደብሩ ይህን ያህል ዝቅ አድርጎ ከአሳታሚው እንኳ አያገኘውም፤ ስለዚህ አንዳንዶቹ ከሱፐርማርኬቱ ገዝተው መሸጥን መረጡ። አንባቢው ግን 13 ፓውንድ ገደማ ኪሱ ውስጥ ቀረለት፤ ይህንንም መካድ አይቻልም።

ወደ ፈረንሳይ እንመለስ። ዋጋው አንድ ከሆነ አማዞን በምን ይወዳደር ነበር? 5 በመቶውን ይቀንስ፣ መጽሐፉን ደግሞ ያለ ክፍያ እቤት ድረስ ያደርስ ነበር። ባለመደብሩ የቤት ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ እየከፈለ ይህን ሊያደርግ አይችልም ነበር። በ2014 ምክር ቤቱ ሁለቱንም ከለከለ፤ እቤት ድረስ ለሚላክ መጽሐፍ የዋጋ ቅናሽም ሆነ ነጻ ማድረሻ አይፈቀድም አለ።

ሕጉ «ነጻ አይሁን» አለ እንጂ ስንት ይሁን አላለም። አማዞን የማድረሻ ክፍያውን 1 ሳንቲም አደረገው!

ቀዳዳውን ለመድፈን ዓመታት ፈጀ። በ2021 መጨረሻ ሌላ ሕግ ወጣ፤ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ከ35 ዩሮ በታች ለሆነ የመጽሐፍ ትእዛዝ ቢያንስ 3 ዩሮ የማድረሻ ክፍያ እንዲጠየቅ ተደረገ። ገዢው ራሱ መጽሐፍ መደብር ሄዶ ከተረከበ ግን ክፍያ የለም። አማዞን በበኩሉ ይህ የሚጎዳው በአቅራቢያው መጽሐፍ መደብር የሌለውን የገጠር አንባቢ ነው ሲል ተከራክሯል። ክርክሩ ሚዛን የማይደፋ አይደለም፤ ለዚያ አንባቢ የ8 ዩሮ መጽሐፍ 11 ዩሮ ሆኗል።

ዋጋን በሕግ መቁረጥ ፉክክሩን አላስቀረውም፤ ቦታውን አዛወረው እንጂ። በመጀመሪያ ፍልሚያው በ20 በመቶው ላይ ነበር፣ ቀጥሎ በ5 በመቶው፣ ከዚያ በማድረሻው። ትንሹን መደብር ለመጠበቅ የሚወጣ ሕግ የሽፋኑን ዋጋ ብቻ ይዞ የማድረሻውን ከተወ፣ ግማሽ ሥራ ነው።

በእኛም አገር ብዙ መጻሕፍት ጀርባቸው ላይ በብርና በዶላር ዋጋቸው ታትሞ ይወጣሉ። ሆኖም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ አቅራቢና ቸርቻሪ «ከዚህ በታች አይሸጥ» ብለው ዝቅተኛ የችርቻሮ ዋጋ እንዳይስማሙ ይከለክላል። ስለዚህ ከመጽሐፍ አዟሪው ጋር ሲከራከሩ የታተመው ዋጋ አይያዝዎ። በቴሌግራም ሲያዙም መጀመሪያ የማድረሻውን ሒሳብ ይደምሩ፤ ከዚያ በሰፈርዎ ካለው መደብር ጋር ያወዳድሩት።