«የቀረ ቦታ የለም»፦ በሊኑክስ ዌብ ሰርቨር ላይ ስለሚታይ አሳሳች የስህተት መልእክት

አንድ የሊኑክስ ዌብ ሰርቨር «በመሣሪያው ላይ የቀረ ቦታ የለም» የሚል መልእክት ሲያወጣ የአስተዳዳሪው የመጀመሪያ እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ ትልልቅ ፋይሎችን ፈልጎ መሰረዝ ነው። ዲስኩ በእርግጥ ሞልቶ ከሆነ እርምጃው ተገቢ ነው። ሆኖም ከዲስኩ ሦስት አራተኛው ባዶ ሳለ ያው መልእክት ሊወጣ ይችላል። በዚህ ጊዜ ስረዛው ችግሩን አይፈታም፤ ይልቁንም የምርምር መረጃን፣ አልፎ አልፎም የብልሽቱን መንስኤ ሊያሳይ ይችል የነበረውን የሎግ ፋይል ያጠፋል።

የስህተቱ ምንጭ መልእክቱ የሚቀረጽበት መንገድ ነው። ከርነሉ ለፕሮግራሙ የሚመልሰው ዓረፍተ ነገር ሳይሆን 28 የሚል ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩን ወደ ቃላት የሚለውጠው ሌላ ክፍል ነው። ዓረፍተ ነገሩ ስለ ማከማቻ መሣሪያ ይናገር እንጂ ቁጥሩ ባሕርያቸው የተለያየ ሀብቶች ሲያልቁ ሁሉ ይመለሳል። ስለዚህ «ዲስኩን ምን ሞላው?» ከማለት በፊት «የትኛው ጥያቄ ተከለከለ? የጠየቀውስ ምን ነበር?» ማለት ይቀድማል።

በዌብ ሰርቨር ላይ ትኩረት የሚሻው የአይኖድ ማለቅ ነው። አይኖድ የአንድ ፋይል ባለቤት፣ ፈቃድ፣ መጠንና ይዘቱ የሚገኝባቸው ብሎኮች የሚመዘገቡበት ነው፤ እያንዳንዱ ፋይል፣ ባዶም ቢሆን፣ አንድ አይኖድ ይይዛል። በኤክስት4 የአይኖዶች ብዛት የሚወሰነው ፋይል ሥርዓቱ ሲፈጠር ሲሆን፣ የተለመደው ልክ ለየ16,384 ባይቱ አንድ ነው። በዚህ ስሌት 100 ጊጋባይት የሆነ ክፍል 6,553,600 አይኖዶች ይኖሩታል። እያንዳንዱ ፋይል አንድ ባለ 4 ኪሎባይት ብሎክ ብቻ ቢይዝ፣ አይኖዶቹ ሁሉ ሲያልቁ ጥቅም ላይ የዋለው ቦታ ከ25 ጊጋባይት ብዙም አይበልጥም። «ዲኤፍ» የተሰኘው ትእዛዝ ያለ አማራጭ ሲጻፍ የሚያሳየው ይህን ሩብ ብቻ ነው፤ የአይኖዶቹን ማለቅ የሚገልጠው «አይ» የሚለው አማራጭ ሲጨመርበት ነው።

ይህን ያህል ጥቃቅን ፋይል ከየት ይመጣል? አንዱ የታወቀ ምንጭ የፒኤችፒ ሴሽን ነው። ኩኪ የማይመልስ የፍለጋ ሮቦት በጎበኘ ቁጥር አዲስ የሴሽን ፋይል ሊፈጠርለት ይችላል። በዴቢያን ላይ ፒኤችፒ ራሱ አሮጌ ሴሽኖችን እንዳያጸዳ ተደርጎ የተዋቀረ ሲሆን፣ ጽዳቱን የሚያከናውነው በየጊዜው የሚነሳ የተለየ ሥራ ነው። ፕሮግራም አዘጋጁ በኮዱ ውስጥ ሌላ የሴሽን ዳይሬክተሪ ከመረጠ ግን ያ ሥራ አዲሱን ቦታ አያውቀውም፤ ፋይሎቹም ለወራት ይከማቻሉ። ፋይሎቹን በአንድ የስረዛ ትእዛዝ ለማጥፋት ቢሞከር የስሞቹ ዝርዝር ከሚፈቀደው በላይ ረጅም ስለሚሆን ትእዛዙ ይከሽፋል። የሚያዋጣው በ«ፋይንድ» ዕድሜያቸውን ለይቶ መሰረዝ ነው፤ ያለበለዚያ በሥራ ላይ ያሉ ተጠቃሚዎችም ከመለያቸው ይባረራሉ።

ሁለተኛው ሁኔታ ከዚህ በተቃራኒው ነው፦ ዲስኩ በእርግጥ ሞልቷል፣ የሞላው ፋይል ግን አይታይም። በሊኑክስ መሰረዝ ማለት የፋይሉን ስም ከዳይሬክተሪው ማውጣት ነው። ፋይሉን የከፈተ ፕሮግራም እስካለ ድረስ ብሎኮቹ አይለቀቁም። ኤንጂንኤክስ እየጻፈበት ያለ የሎግ ፋይል ቢሰረዝ ስም አልባው ፋይል ማደጉን ይቀጥላል። በስም እየተከተለ የሚደምረው «ዲዩ» አያየውም፤ «ዲኤፍ» ግን ይቆጥረዋል። የሁለቱ ድምር በሰፊው ከተለያየ «ኤልሶፍ» ስማቸው ጠፍቶ ክፍት የቀሩትን ፋይሎች ያወጣል። ማሽኑን ማጥፋት አያስፈልግም፤ ኤንጂንኤክስ የሎግ ፋይሎቹን ዳግም እንዲከፍት የሚያዝ ምልክት መላክ ይበቃል።

በኤክስት4 ከብሎኮቹ 5 በመቶው በተለመደው አወቃቀር ለሩት ተጠቃሚ የተጠበቀ መሆኑም ምርመራን ያሳስታል። አስተዳዳሪው በሩት ስም የሙከራ ፋይል ሲፈጥር ይሳካለታል፣ ዌብ ሰርቨሩ ግን ይከለከላል። ሙከራው መደረግ ያለበት በዌብ ሰርቨሩ ተጠቃሚ ስም ነው።

ከዲስክ ጋር አንዳች ግንኙነት የሌላቸው ሁኔታዎችም አሉ። ፋይሎች ሲለወጡ የሚከታተለው አይኖቲፋይ ለአንድ ተጠቃሚ የተፈቀደው የክትትል ብዛት ሲያልቅ ቁጥር 28ን ይመልሳል። አፓቼ በሲስተም ፋይቭ ሴማፎር ሲሠራ ደግሞ፣ በድንገት በቆመ ቁጥር ሴማፎሮቹ በከርነሉ ውስጥ ሊቀሩ ይችላሉ። ከሊኑክስ 3.19 በፊት የሴማፎር ስብስቦች የተለመደ ጣሪያ 128 ስለነበር፣ በጥቂት ብልሽቶች ጣሪያው ይነካና አፓቼ «ቦታ የለም» ብሎ አልነሳም ይላል። ጣሪያው ከዚያ ወዲህ 32,000 ቢሆንም አሮጌ ማሽኖች ላይ ችግሩ ያጋጥማል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ፕሮግራሙን በ«ስትሬስ» ሥር ማስነሳት ቁጥሩን የመለሰውን ጥሪ በስሙ ያሳያል፤ ጥሪው ሴማፎር የሚጠይቅ ከሆነ «አይፒሲኤስ» የተረፉትን ይዘረዝራል፣ «አይፒሲአርኤም» ያስወግዳቸዋል፣ ከዲስኩም ላይ አንድ ፋይል አይነካም።