ስንዴ የሌለበት ሾርባ ከኪንግስላንድ ሮድ

በምሥራቅ ለንደን፣ ሆክስተን ባቡር ጣቢያ አጠገብ የሚያልፈው ኪንግስላንድ ሮድ የቬትናም ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት መንገድ ነው። የከተማው ሰው «ፎ ማይል» እያለ ይጠራዋል። ፎ የሩዝ ኑድል ሾርባ ነው። መረቁ የበሬ አጥንት ከተለበለበ ዝንጅብልና ሽንኩርት፣ ከቀረፋ፣ ከቅርንፉድና ስታር አኒስ ከሚባለው ኮከብ መሳይ ቅመም ጋር ለሰዓታት ተቀቅሎ የሚገኝ ነው። ዛሬ ይኸው ምግብ በካርቶን ስኒ ታሽጎ፣ የፈላ ውሃ ብቻ የሚጨመርበት ሆኖ በየሱፐርማርኬቱ ይሸጣል። ስንዴ ለማይስማማው ሰው፣ ከሥራ ደክሞ ሲመለስ እንደ ሌላው ሁሉ ቶሎ የሚደርስ ትኩስ እራት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ምግቡን ወደ ለንደን ያመጡት ስደተኞች ናቸው። የቬትናም ጦርነት በ1975 ካበቃ በኋላ ብዙዎች በጀልባ ወደ ባሕር ወጡ። በጥቅምት 1978 ዌልፓርክ የተባለች የእንግሊዝ መርከብ በደቡብ ቻይና ባሕር 346 ሰዎችን ከሞት አተረፈች። በቀጣዩ ዓመት የብሪታኒያ መንግሥት ከሆንግ ኮንግ መጠለያዎች 10,000 ስደተኞችን ለመቀበል ተስማማ። መጀመሪያ በየከተማው ጥቂት ጥቂት ቤተሰብ አድርጎ በታተናቸው፤ እነሱ ግን ወገናቸውንና የለመዱትን ምግብ ፍለጋ እየተሰባሰቡ ብዙዎቹ ለንደን ገቡ። ለንደን ያለ ሐበሻ ይህን ታሪክ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ስንዴ እንዳይስማማ የሚያደርገው ሴሊያክ የተባለው በሽታም ከዚህችው ከተማ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪም ሳሙኤል ጂ በ1887 ስለ ሴሊያክ በሽታ ባቀረበው ትምህርት፣ መድኃኒት ካለው መድኃኒቱ ከምግብ መምጣት እንዳለበት ተናገረ። በዚህ አልተሳሳተም። ነገር ግን ሩዝን ከልክሎ፣ በስሱ ተቆርጦ በሁለቱም በኩል የተጠበሰ ዳቦ ፈቀደ። ጥፋተኛው ስንዴ መሆኑ የታወቀው ኔዘርላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዊለም ዲከ ባካሄደው ጥናት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1944 እና 1945 የረኀብ ክረምት ዳቦ ሲጠፋ፣ ሌላው ሕዝብ እየከሳ የእሱ ሕሙማን ልጆች ግን እየተሻላቸው መሄዱ ሐሳቡን አጠናከረለት። ሴሊያክ ያለበት ሰው በስንዴ፣ በገብስና በራይ ውስጥ ያለውን ግሉተን ሲበላ ሰውነቱ የራሱን አንጀት ያጠቃል። በብሪታኒያ ከ100 ሰው አንዱ ሕመሙ እንዳለበት ይገመታል።

ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ሐበሻ ነገሩ የማይመለከተው ሊመስለው ይችላል። ለንደን ውስጥ ግን ቁርሱ ቶስት፣ ምሳው ሳንድዊች፣ የልጆቹ እራት ፓስታ ነው። እንጀራውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ይጋገራል። ስለዚህ ሕመሙ ያለበት ሰው ጋጋሪዋን ሳያፍር መጠየቅ አለበት። በሩዝ ከተቀላቀለ ችግር የለም፤ በጣና ዳር ባለችው ፎገራ ሩዝ ከጤፍ ጋር ለእንጀራ መዋል ከጀመረ ቆይቷል።

አዲስ አበባ ኢንዶሚ የሚለው ፈጣን ኑድል ከፎ የተለየ ነገር ነው። ጃፓን ይኖር የነበረው ሞሞፉኩ አንዶ በ1958 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ፈጣን ኑድል የተሠራው ከስንዴ ነበር፤ ዛሬም አብዛኛው ፈጣን ኑድል በዘይት ተጠብሶ የደረቀ ስንዴ ነው። የፎ ኑድል አሠራር ይለያል። ሩዙ ተዘፍዝፎ ይፈጫል፣ ሊጡ ምጣድ ላይ እንደሚፈስ እንጀራ በስሱ ተዘርግቶ በእንፋሎት ይበስላል፣ ከዚያ ተቆርጦ ይደርቃል። አስቀድሞ ስለበሰለ የፈላ ውሃ ሲያገኝ በጥቂት ደቂቃ ይለሰልሳል።

አደጋው ያለው ከኑድሉ ጋር በሚመጣው ትንሽ የቅመም እሽግ ውስጥ ነው። የተለመደው ሶያ ሶስ አኩሪ አተር ከስንዴ ጋር ተብላልቶ የሚሠራ ነው። አንዳንዱ ማጣፈጫም ከስንዴ ፕሮቲን ወይም ከገብስ ብቅል ይወጣል። «የሩዝ ኑድል» የሚለውን የካርቶኑን ፊት ብቻ አይቶ መግዛት ስለዚህ አይበቃም፤ ማዞርና ጀርባውን ማንበብ ያስፈልጋል። በብሪታኒያ ሕግ ስንዴና ገብስን ጨምሮ 14 ዓይነት አለርጂ አምጪዎች በዝርዝሩ ውስጥ ጎልተው መጻፍ አለባቸው፤ ብዙ ጊዜ በደማቅ ፊደል ይታያሉ። «ግሉተን ፍሪ» የሚል ጽሑፍ የሚፈቀደው በኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ግሉተን ላለው ምግብ ብቻ ነው። «ስንዴ የለውም» ማለት ግን ገብስ የለውም ማለት አይደለም። ፋብሪካዎች ቅመማቸውን ስለሚለዋውጡ የለመዱትንም ምርት በየጊዜው ማንበብ ይገባል።

ሆዱን የሚያመው ሰው ግን ገና ሳይመረመር ዳቦ ማቆም የለበትም። የደም ምርመራው እውነቱን የሚያሳየው ታካሚው ግሉተን እየበላ ሳለ ነው። የአገሪቱ የሕክምና መመሪያ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 ሳምንት፣ በየቀኑ ከአንድ ገበታ በላይ ግሉተን ያለበት ምግብ እንዲበላ ይመክራል። ቤተሰቡ ፓስታ የሚበላ ከሆነ ደግሞ፣ ሕመሙ በምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ ለሕመምተኛው የተለየ ማጥለያና የእንጨት ማንኪያ ቢኖር ይሻላል።

የስኒውን ፎ ማሳመር አድካሚ አይደለም። እሽጉ ጨው ስለሚበዛበት መጀመሪያ ግማሹን ጨምሮ መቅመስ ይበጃል። ስስ የዝንጅብል ቁራጭና ግማሽ ሽንኩርት በደረቅ መጥበሻ ጠቆር እስኪሉ ተለብልበው ከውሃው ጋር ቢፈሉ፣ የካርቶን ሽታው ጠፍቶ የእውነተኛው መረቅ ጠረን ይመጣል። ከትናንት የተረፈ ዶሮ ወይም የተቀቀለ እንቁላል፣ የማሾ ቡቃያ፣ ቃሪያ፣ ሎሚ ይከተላሉ። ቬትናሞች ከላይ የሚበትኑት ቅጠል የበሶብላ ዘመድ ነው። ኑድሉ ውሃው ውስጥ ከቆየ ይላሽቃልና እንደለሰለሰ መበላት አለበት።

ለጾመኛም የሚሆን አለ። ብዙ የቬትናም ቡድሂስቶች በጨረቃ ወራቸው 1ኛና 15ኛ ቀን ሥጋ ስለማይበሉ ያለ ሥጋ የሚሠራ ፎ አላቸው፤ ታሽጎም ይሸጣል። ቪጋን የሚል ምልክት ያለው ለረቡዕና ለዓርብ ይሆናል። ምልክት በሌለው ላይ ግን በጾም ዓሣ የማይበላ ሰው የዓሣ ሶስ መኖር አለመኖሩን ከግሉተኑ ጋር አብሮ ይፈልግ።