የጀልባ መቀመጫ ማልበስ ለጀማሪ ሰፊ

በጣና ሐይቅ ላይ መንገደኛ የሚያመላልሱ አንድ አዛውንት ባለጀልባ፣ ክረምቱ ሳይገባ መቀመጫቸውን እንድናለብስላቸው አደራ ሰጡን። ከመካከላችን አዝራር ከመትከል ያለፈ ስፌት የሚያውቅ አልነበረም፤ የገዙት ፕላስቲክ ሌዘርም ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነበር። እንግዲህ የተማርነውን ለባልንጀሮቻችን እንገልጻለን።

በመጀመሪያ አሮጌው ልብስ አይጣልም። ስፌቱ ተተርትሮ በየቁራጩ ላይ ቁጥር ይጻፍና ለአዲሱ ልክ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሌዘር አንድ ጊዜ ከተበሳ ቀዳዳው አይጠፋም፤ ስለዚህ በእስፒል ፈንታ በልብስ መቆንጠጫ ይያዛል፤ ስፌቱም አስቀድሞ በብጣሽ ላይ ይሞከራል። የስፌቱ ርምጃ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከዚህ እጅግ ቢጠብ ሌዘሩ እንደ ቴምብር ጠርዝ ይቀደዳል። የጥጥ ክር በእርጥበት ስለሚበሰብስ የፖሊስተር ክር ይመረጣል። ሲወጠርም ከመካከል ተጀምሮ ወደ ማዕዘን ይኬዳል። በመጨረሻ፣ ከሥር ያለው ኮምፖንሳቶ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ ስፖንጁ ውሃ እንዳቆረ ይቀራል፤ እንጨቱም ይበሰብሳል።

እኛም አንዱን ማዕዘን አጣመን ሰፋን። አዛውንቱ ጎተት አድርገው አዩትና «ስፌቱ ከያዘ ይበቃል» አሉን። የተጣመመውን ግን ለራሳቸው መቀመጫ አደረጉት።