ካሻሻሉት በኋላ እምቢ ያለ ዲበገር

ጂዲቢ የሚባለው ዲበገር፣ ሪቻርድ ስቶልማን በ1986 እ.ኤ.አ. ከጻፈው ጀምሮ ሥራው ያው ነው፤ የሚሮጥን ፕሮግራም መሀል ላይ ያቆምና በዚያች ቅጽበት ምን ይዞ እንደነበር ያሳያል። «እዚህ መስመር ላይ አቁም» ሲባል፣ በኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰሮች ላይ፣ በቦታው ያለውን የመጀመሪያ ባይት አንሥቶ ያስቀምጥና በምትኩ 204 የሚለውን ቁጥር ይጽፋል፤ ፕሮሰሰሩ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ዘዴው ቀላል ቢሆንም ዲበገሩ በራሱ የቆመ አይደለም። የሌላ ፕሮግራም ሚሞሪ ውስጥ ለመግባት የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ሊፈቅድለት ይገባል፤ መስመር 40 የትኛው ባይት ላይ እንደሚያርፍ ለማወቅ ደግሞ ኮምፓይለሩ ድዋርፍ በሚባል ፎርማት የጻፈለትን መረጃ ማንበብ አለበት። ስለዚህ ከአፕዴት በኋላ እምቢ ሲል በቅድሚያ መጠርጠር ያለባቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ብዙ ሰው ግን ዲበገሩን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፤ ችግሩም እዚያው ይጠብቀዋል።

ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር 11ኛ ስሪቱ ላይ ያመጣውን ጉዳይ እንይ። የድዋርፍ 5ኛ ስሪት የወጣው በ2017 ነው፤ ጂሲሲ ግን ማንም ሳያዘው በዚያ ስሪት መጻፍ የጀመረው በ2021 በወጣው 11ኛው ላይ ነው። ኮምፓይለሩን ብቻ ያሻሻለ ሰው ያረጀ ጂዲቢ ካለው፣ «ስሪቱ 5 ነው፤ 2፣ 3 ወይም 4 መሆን ነበረበት» የሚል መልእክት ይገጥመዋል። የዲበገሩ አንድም ባይት አልተነካም፤ የቀረበለትን ጽሑፍ ማንበብ አቅቶት ነው። ወይ አዲስ ጂዲቢ መጫን፣ ወይ ኮምፓይለሩ በ4ኛው ስሪት እንዲጽፍ ማዘዝ ነው። ወደ አሮጌው ኮምፓይለር መመለስስ? ለምርመራ ጥሩ ነው፣ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ያሳያል፤ መድኃኒትነቱ ግን ያጠራጥራል፣ በአዲሱ የተሠሩት ላይብረሪዎች በ5ኛው ስሪት እንደተጻፉ ይቀራሉና።

በከርነል በኩል የሚመጣው ደግሞ ብልሽት እንኳ አይባልም። የሊኑክስ ስርጭት የሆነው ኡቡንቱ 10.10 በጥቅምት 2010 ሲወጣ፣ እየሮጠ ያለን ፕሮግራም በጂዲቢ መያዝ የለመዱ ሰዎች «አልተፈቀደም» ተባሉ። ቀድሞ አንድ ተጠቃሚ ያስነሣቸው ፕሮግራሞች አንዱ የሌላውን ሚሞሪ ማንበብ ይችሉ ነበር፤ ከመካከላቸው አንዱ በቫይረስ ቢያዝ የሌላውን የይለፍ ቃል ይቀዳል ማለት ነው። ያማ የተባለው የደህንነት ክፍል፣ በ2012 ወደ ዋናው ሊኑክስ የገባው፣ ይህን ከ0 እስከ 3 ባሉ ደረጃዎች ይገድባል። በደረጃ 1 ዲበገሩ ራሱ ያስነሣውን ፕሮግራም መመርመር ይችላል፣ ቀድሞ የተነሣውን ግን አይነካም። ይህ ልዩነት ለምርመራ ትልቅ ምልክት ነው፦ ከጂዲቢ ውስጥ የተነሣው ፕሮግራም በደንብ እየተመረመረ የሚሮጠው ብቻ እምቢ ካለ፣ ፈቃድ ነው የጎደለው። ዲበገሩን በሩት፣ ማለትም ሁሉ በተፈቀደለት ተጠቃሚ፣ አስነሥቶ መገላገል አይቀልም ወይ የሚል አይጠፋም። ከደረጃ 3 በስተቀር ይሠራል፤ ግን ለአንድ ስህተት ፍለጋ ሙሉ ሥልጣን መስጠት ነው። ፕሮግራሙን ከዲበገሩ ውስጥ ማስነሣት ከተቻለ እሱ ይሻላል።

ዲበገሩ ራሱስ አይሳሳትም ወይ ቢባል፣ ይሳሳታል። ጂዲቢ ውስጡ ፓይተን አለው፤ የሊኑክስ ስርጭቶች ከፓይተን 2 ወደ 3 ሲዞሩ ተጠቃሚዎች የጻፏቸው ማሳያ ስክሪፕቶች ተሰባብረዋል። እዚህ ላይም ቢሆን ዲበገሩን ከመክሰስ በፊት የግል ማስተካከያ ፋይሎቹን ሳያነብ እንዲነሣ አድርጎ፣ በአዲሱ ኮምፓይለር በተሠራ አሥር መስመር በማይሞላ ፕሮግራም መሞከር ያስፈልጋል። ያኔም የመጀመሪያው መስመር ላይ ማቆም ካልቻለ፣ የከርነሉን፣ የኮምፓይለሩንና የጂዲቢውን ስሪት አንድ ላይ ጽፎ ለጂዲቢ አዘጋጆች መላክ ተገቢ ይሆናል።