ከ«ሰይጣን ቤት» እስከ ናርኒያ፦ ክርስቲያን ምናባዊ ታሪክን ሲያነብ

አዲስ አበባ ከሲኒማ ጋር በተዋወቀችበት ዘመን ሕዝቡ የፊልም ማሳያውን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው፤ ስሙም ለብዙ ዓመታት ተጣብቆ ቀረ። በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በቦታው የሌለ ሰው ግድግዳ ላይ ሲራመድና ሲስቅ ላየ ሰው ስሙ የሚገርም አይደለም። ዛሬ እኛ ሚኒያፖሊስ ቁጭ ብለን በስልካችን ያንኑ እያየን በአያቶቻችን እንስቃለን። ከመሳቃችን በፊት ግን ጥያቄያቸውን ብንሰማ ጥሩ ነው፤ ጥያቄው አሁንም አለና። ስለ ጠንቋይ፣ ስለ ዘንዶ፣ ስለ ሌላ ዓለም የተፈጠረ ታሪክ ማየትና ማንበብ ለክርስቲያን ይገባል ወይ? የማኅበራችን የፊልም ምሽት በቀረበ ቁጥር ይህ ይነሣል፤ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ዝም ይላል። የምጽፈው በተለይ ዝም ለሚሉት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍርሃቱ የሐበሻ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ሴንት ፖል ውስጥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዴቭ አርነሰን የሚባል ወጣት ከጓደኞቹ ጋር በወላጆቹ ቤት ቤዝመንት ተሰብስቦ ብላክሙር የተባለ የምናብ ጨዋታ ይጫወት ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር የሠራው «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በ1974 ወጣ። በ1980ዎቹ ደግሞ ብዙ አሜሪካውያን ወላጆችና ሰባኪዎች ጨዋታው ልጆችን ወደ ሰይጣን አምልኮ ይወስዳል ብለው ተነሡበት። በ2001 መጨረሻም በኒው ሜክሲኮ፣ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሃሪ ፖተር መጻሕፍትን በእሳት አቃጠለ።

በአንድ ነገር ግን ከአሜሪካውያኑ እንለያለን፤ ዋናው ነገርም እዚህ ላይ ነው። ለክፍል ጓደኛዬ ጠንቋይ ማለት በሃሎዊን የሚደረግ ሾጣጣ ኮፍያ ነው። ለእናቴ ጠንቋይ አድራሻ ያለው ሰው ነው። ባደገችበት ሰፈር ማን ወደ እሱ እንደሚሄድ፣ ምን ዓይነት ዶሮ አምጡ እንደሚባል፣ ከዚያ በኋላ በየትኛው ቤት ጠብ እንደገባ ታውቃለች። «አስማት» የሚለው ቃላችን ራሱ ከግዕዝ የመጣ ሲሆን «ስሞች» ማለት ነው፤ በክታብ ተጽፈው አንገት ላይ የሚንጠለጠሉትን ኅቡእ ስሞች ያስታውሳል። እናቴ ኦርቶዶክስ፣ አክስቴ ጴንጤ ናቸው። በፋሲካ ቀን እንኳ ሳይከራከሩ አይውሉም፤ በሃሪ ፖተር ላይ ግን አንድ ቃል ናቸው።

ታናሽ ወንድሜ «እማዬ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው» ሲላት እሱ የሚያወራው ስለ ተረት ነው፤ እሷ የምታወራው ስለምታውቀው ሰው። ሳይግባቡ ይለያዩና መጽሐፉ ፍራሽ ሥር ይገባል። እኔን ከጠንቋዩ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚቆመው ልጅና ማታ በሩን ዘግቶ የሚያነበው ልጅ ሁለት ሰው ሆነው ያድጋሉ። ጥያቄውን ለማንም ሳያቀርብ ያደገ ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ሁለቱን አብሮ መያዝ ያቅተዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚተወው ደግሞ መጽሐፉን አይደለም።

ልብ ወለድ ለክርስትናችን ባዕድ ነው የሚለው አባባል ታሪካችንን የዘነጋ ነው። በ1553፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም «በራላም ወይዋሴፍ»ን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። መጽሐፉ ዓለምን ንቆ ስለመነነ የሕንድ ልዑል ይተርካል። ሊቃውንት ሥሩን ሲከተሉ የደረሱት የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ላይ ነው! ታሪኩ ከሕንድ ተነሥቶ፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር በመንገድ ክርስትና ተነሥቶ፣ በመጨረሻ ደብረ ሊባኖስ ገባ። «ልብ ወለድ» የሚለውን ስም ያወረሰን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍም፣ በ1908 ሮም የታተመው፣ ፍጻሜው አንድ ንጉሥ ክርስቲያን ሲሆን ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ «ወዳጄ ልቤ»ን ሲጽፉ መንገድ የቀደደላቸው የእንግሊዛዊው ሰባኪ የጆን በንያን የመንፈሳዊ ጉዞ ታሪክ ነበር። የኦርቶዶክሱ ሊቅ ከፕሮቴስታንቱ ተማሩ ማለት ነው። (ይህን ለእናቴም ለአክስቴም ነግሬአቸዋለሁ፤ ሁለቱም ደስ አላላቸውም።)

ቤት ውስጥ የምንሰማው ተረትም የራሱ ደንብ አለው። ተራኪው ሲጀምር ተረት መሆኑን ያስታውቃል፤ ሲጨርስ ተረቴን መልሱ ይላል። በመካከሉ ጅብ ቢናገር ማንም አልተታለለም። ውሸት ግን እንዲህ ያለ በር የለውም፤ ሳያንኳኳ ነው የሚገባው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 ኢዮአታም ዛፎች ንጉሥ ሊቀቡ እንደ ሄዱ ይተርካል፤ የሰማው ሁሉ ዛፍ እንደማይሄድ ያውቅ ነበር፣ የተባለው ስለ ማን እንደሆነም ያውቅ ነበር።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ የዛሬውን ምናባዊ ልብ ወለድ ካቆሙት ሰዎች ሁለቱ ክርስቲያኖች ናቸው። በ1931 በመስከረም ወር፣ ኦክስፎርድ ውስጥ፣ ካቶሊኩ ጄ. አር. አር. ቶልኪን ከሲ. ኤስ. ሉዊስ ጋር እየተዘዋወሩ እስከ ሌሊት ተነጋገሩ። ሉዊስ በእግዚአብሔር ማመን ጀምሯል፤ ክርስቶስ ላይ ሲደርስ ግን «ይህም እንደ ሌሎቹ አፈ ታሪክ ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ ይዞታል። ቶልኪን የመለሰለት በአጭሩ እንዲህ ነው፦ አፈ ታሪኮች የእውነት ጭላንጭል አላቸው፤ በክርስቶስ ግን ታሪኩ በእርግጥ ተፈጸመ። ሉዊስ ከጥቂት ቀናት በኋላ አመነ። ከ1950 እስከ 1956 ሰባቱን የናርኒያ መጻሕፍት አወጣ። እዚያ አንበሳው አስላን ስለ አንድ ከዳተኛ ልጅ ይሞትና ይነሣል። ከአንበሳና ከመስቀል ጋር ላደገ ሐበሻ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከአሜሪካውያን ጓደኞቻቸው ቀድመው ይገባቸዋል።

እንዴት እንለይ? እኔ መጀመሪያ የማየው ታሪኩ ኃይልን ምን እንደሚያደርገው ነው። በቶልኪን መጽሐፍ ቀለበቱ ኃይለኛ ነው፤ ጥሩዎቹ ሰዎች ግን እንጠቀምበት ሳይሆን እናጥፋው ይላሉ፤ ለበጎ እጠቀምበታለሁ ያለው ይወድቃል። ይህን ያነበበ ልጅ ወደ ጠንቋይ ቤት የሚሄድበት ምክንያት አይታየኝም፤ ጠንቋይ ቤት የሚወስደው ኃይልን በአቋራጭ መፈለግ ነውና። ዘዳግም ምዕራፍ 18 የሚከለክለው ድርጊቱን ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 የኤፌሶን ሰዎች ያቃጠሉትም የሚሠሩባቸውን የራሳቸውን የአስማት መጻሕፍት ነው፤ ዋጋቸው ሃምሳ ሺህ ብር ነበር። የእኛ አቻው ሃሪ ፖተር ሳይሆን ዐውደ ነገሥት ነው።

በሌላ በኩል ጥንቆላ የሌለበት ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ካና ቴሌቪዥን ከ2016 ጀምሮ በአማርኛ በሚያሰማቸው የቱርክ ድራማዎች ስንት በቀልና ስንት ክህደት በእራት ሰዓት ሳሎናችን ገብቷል! አንድም እናት ስትቆጣ አልሰማሁም። ጋኔን ማስወጣትን ማስፈራሪያ አድርገው የሚሸጡ ፊልሞችንም፣ መስቀልና ካህን ስላለባቸው ብቻ መንፈሳዊ የሚላቸው አለ፤ እኔ ከነሱ ዘንዶውን እመርጣለሁ።

ሁሉም ሰው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ለጣዖት ስለተሠዋ ሥጋ ሲጽፍ፣ እውቀት ያለው ሰው ከጣዖት ቤት የወጣውን ወንድሙን እንዳያሰናክል ያሳስባል። ከእኛ መካከል ቤተሰቡ በጠንቋይ የተጎዳ ተማሪ ይኖራል። እሱ «ይህን ፊልም አላይም» ሲል «ኋላ ቀር» መባል የለበትም፤ ፊልሙን መቀየር ቀላል ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ፊልም የሚተዉ ጓደኞችም አሉኝ፤ ማያ ገጹ ምን ያህል ጊዜያቸውን እንደያዘ የሚያውቁት ያኔ ነው።

ታናናሾች ያሏችሁ፣ መጽሐፉን አብራችሁ አንብቡ፤ ወላጆቻችሁም እንዲሰሙ በየምዕራፉ በአማርኛ ተርኩላቸው። በናርኒያ የመጀመሪያ መጽሐፍ ነጯ ጠንቋይ ጠላት መሆኗን እናቶች ሲሰሙ ብዙ ነገር ይለወጣል። መጻሕፍቱ በሄኔፒን ካውንቲ እና በሴንት ፖል ቤተ መጻሕፍት በነፃ ይገኛሉ። መግዛት የሚፈልግ በ1974 የተከፈተው አንክል ሁጎስ አለ። በ2020 የግንቦት ብጥብጥ ተቃጥሎ በ2022 ደቡብ ሚኒያፖሊስ ውስጥ እንደገና ሥራ ጀምሯል፤ ያገለገሉ መጻሕፍትም ይሸጣል።