በዕጣ ስለሚወጣና ስለሚወርድ የአክሲዮን ጨዋታ

አባቶቻችን ልጆቻቸውን በሥራ ብቻ ሳይሆን በጨዋታም ያስተምሩ ነበር። በሰንጠረዥ ፊት የተቀመጠ የመኳንንት ልጅ ንጉሡን ሳያስነካ ሠራዊቱን ማሰለፍን ይለምድ ነበር፤ በገበጣ ጉድጓድ ጠጠር የሚጥለውም እረኛ ሒሳብን ያለ መምህር ያውቅ ነበር። ጨዋታ ስሕተትን ያለ ቅጣት የሚያሳይ ነውና። ስለዚህ ዛሬ ለተከበሩ የቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎቻችን ስለ አንድ የባሕር ማዶ ጨዋታ ልንገልጽ አሰብን፤ ይኸውም የአክሲዮን ግዥና ሽያጭን የሚያለማምድ፥ ሥዕል የሌለው፥ በፊደልና በቁጥር ብቻ የሚነገር የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። በቤታችን ያደረገውንም ሳንደብቅ እንጽፋለን።

አክሲዮን ማለት ብዙ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ባቆሙት ማኅበር ውስጥ አንድ ሰው ያለው ድርሻ ነው። ማኅበሩ ሲያተርፍ ባለ ድርሻው ከትርፉ ይካፈላል፤ ድርሻውንም ለሚወደው ሰው ሊሸጠው ይችላል። ይህ ግዥና ሽያጭ የሚደረግበት ስፍራ የአክሲዮን ገበያ ይባላል፤ ዋጋውም እንደ እህል ዋጋ አንድ ቀን ይወጣል፥ አንድ ቀን ይወርዳል።

ጨዋታውን የጻፉት ፔሰል፥ ብራውንና ሎሲክ የተባሉ ሦስት ሰዎች ናቸው። እነርሱም በአሜሪካ በኒው ዮርክ ክፍለ አገር፥ ኮምፒዩተርን ለተማሪ ቤቶች ማስተማሪያ ለማድረግ በተጀመረው የሐንቲንግተን የኮምፒዩተር ፕሮጀክት ውስጥ ይሠሩ ነበር። ጽሑፋቸው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. ታረመ፤ በ1973 ዓ.ም. ደግሞ ዴቪድ አል የተባለው ሰው 101 የኮምፒዩተር ጨዋታዎችን ሰብስቦ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ያም መጽሐፍ በ1978 ዓ.ም. እንደ ገና ታትሞ፥ ከጊዜ በኋላ ከአንድ ሚሊዮን ቅጅ በላይ ተሸጠ። ጨዋታው የተጻፈበት ቤዚክ የሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ በ1964 ዓ.ም. በዳርትመስ ኮሌጅ፥ የሒሳብ ሊቃውንት ላልሆኑ ተማሪዎች ጭምር እንዲቀል ተብሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ የጨዋታው ትእዛዝ በጥቂት ገጽ ያልቃል፤ ታግሦ የሚያነብ ሰውም ሊከተለው ይችላል።

በዚያ ዘመን ብዙ ተማሪዎች ኮምፒዩተርን የሚያነጋግሩት ቴሌታይፕ በሚባል የጽሕፈት መኪና ነበር። ይህ መኪና በጥቅል ወረቀት ላይ እያንኳኳ በአንድ ሰኮንድ 10 ፊደል ያህል ይጽፋል። የቀኑ ዋጋ ታትሞ እስኪያልቅ ተጫዋቹ ይጠብቃል፤ የትናንት ኪሣራውም በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ከፊቱ ይታየዋል። ዛሬ ግን ያው ጨዋታ በማናቸውም ኮምፒዩተር ላይ በቅጽበት ይታያል፤ የማሰቢያው ጊዜ እንዲህ ባለ መንገድ ጠፋ።

ሲጀመር ለተጫዋቹ 10,000 ዶላር ይሰጠዋል፤ የአምስት ማኅበራትም ስምና ዋጋ ይዘረዘርለታል። ስሞቹ ለፌዝ የወጡ ናቸው። አብዛኞቹ በመጀመሪያ ፊደላቸው ሲጠሩ የታወቁ ኩባንያዎችን ይመስላሉ፤ ሲተረጐሙ ግን ሌላ ናቸው። አይ ቢ ኤም የተባለው ዓለም አቀፍ የባሊስቲክ ሚሳይል ማኅበር፥ ሲ ቢ ኤስ የተባለው የተነቀፉ መጻሕፍት መደብር፥ ኤ ቢ ሲ የተባለው ደግሞ የከሰረው የአሜሪካ ማኅበር ነው። ለመግዛት የመደመር ምልክትና ቍጥር፥ ለመሸጥ የመቀነስ ምልክትና ቍጥር ይጻፋል። ካለው ገንዘብ በላይ የሚገዛውን፥ የሌለውንም አክሲዮን የሚሸጠውን ጨዋታው ይመልሰዋል። በእያንዳንዱ ግዥና ሽያጭ ላይ ከመቶ አንድ የደላላ ዋጋ ይቈረጣል። ከዚህ በኋላ የቀኑ ገበያ ተዘጋ ይላል፤ አዲስ ዋጋ ያወጣል፤ ለመቀጠል ይወድ እንደ ሆነም ተጫዋቹን ይጠይቃል።

ይህን አሮጌ ጨዋታ ወደ ቤታችን ያመጣው፥ ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጃችን ነው። ከራት በኋላ እርሱ ይገዛል፥ ይሸጣል፤ ታናሽ እኅቱ የየቀኑን ዋጋ በደብተር ትጽፋለች፤ እኛና ባለቤታችን ቡናችንን እየጠጣን እንመለከታለን። በመጀመሪያው ምሽት 10,000 ዶላሩን 13,900 አደረሰው። በሁለተኛውም አተረፈ። በሦስተኛው ምሽት ጨዋታው ሲያልቅ ከወንበሩ ተነሥቶ «አባባ፥ አንድ ነገር ልለምንዎ» አለን።

በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. መከፈቱን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ልጃችን የለመነን፥ ለእኅቱ የትምህርት ቤት መክፈያ ያስቀመጥነውን ገንዘብ ለስድስት ወር እንድናበድረውና አክሲዮን ገዝቶበት ከነትርፉ እንዲመልስልን ነበር። «ገበያውን ዐውቄዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ ተጫወትሁ፥ ሦስት ጊዜ አተረፍሁ» አለ። እኅቱ እርሳሷን በደብተሩ ላይ አኖረች፤ አንዳችም አልተናገረችም።

ወዲያው እምቢ ማለት ይገባን ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ልባችን አመነታ። እኛም ቤተ ሰቡ ከተኛ በኋላ በሥውር ተጫውተን 12,600 ዶላር አድርሰን ነበርና፥ ልጁ ብልኅ የሆነው በአባቱ ወጥቶ ነው እያልን በልባችን ተመክተን ነበር።

ስለዚህ ለጊዜ ማግኛ ያህል «የሚሳይሉን ማኅበር ስለ ምን ገዛህ?» ብለን ጠየቅነው። «በዓለም ላይ ጦርነት ስለ በዛ የመሣሪያ ዋጋ እንደሚወጣ ዐውቄ ነው፤ የከሰረውን ማኅበር ግን አልነካሁትም» ሲል መለሰ። ይህን ጊዜ ባለቤታችን ስኒዋን አስቀምጣ «ጦርነት መኖሩን ለዚህ መኪና ማን ነገረው?» አለች።

ለዚህ ጥያቄ ከመካከላችን የሚመልስ አልተገኘም። የጨዋታውን ትእዛዝ አወጣንና እንደ ክርክር መዝገብ መስመር በመስመር አነበብነው። ጦርነት የሚል ነገር የለበትም፤ ሰላምም የለበትም። ፋብሪካ፥ ሠራተኛ፥ ሥራ አስኪያጅ፥ የዓመት ሒሳብ፥ ከነዚህ አንዱ እንኳ የለም። ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያ የገበያውን መንገድ በዕጣ ያወጣል፤ ወደ ላይ የመሆኑና ወደ ታች የመሆኑ ዕድል እኩል ነው። ዋጋው በዚያ መንገድ በቀን እስከ ከመቶ 10 ድረስ ይሄዳል፤ ከ1 እስከ 5 ቀን ይቈይና እንደ ገና ዕጣ ይወጣል። ከዚህም በላይ በየማኅበሩ ዋጋ ላይ በየቀኑ ጥቂት በዕጣ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል፤ አልፎ አልፎም በዕጣ የተያዘ አንዱ ማኅበር በድንገት 10 ነጥብ ይወጣል፥ ሌላው 10 ነጥብ ይወርዳል። የከሰረ የተባለው ማኅበር በዕድል ከሌሎቹ አያንስም።

ጨዋታው ራሱ ይህን አልሸሸገም። ዋጋው በዕጣ የሚወጣ ስለ ሆነ እውነተኛውን ገበያ በትክክል እንደማይመስል በመግቢያው ላይ ተጽፎአል። ነገር ግን መመሪያውን ለማንበብ የሚወድ 1፥ የማይወድ 0 ይጻፍ ሲባል፥ ልጃችን 0 ጽፎ አልፎት ነበር። እኛም እንዲሁ አድርገን ነበር።

ባለቤታችን ሁለተኛ ጥያቄ ጠየቀች፤ «ለደላላውስ ስንት ሰጠህ?» አለች። ከብት የሸጠ፥ ቤት የተከራየ ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቃል። ከመቶ አንድ ሲባል ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን እንቍጠረው። አንድ ሰው የ100 ዶላር አክሲዮን 99 ቢገዛ 9,900 ዶላር ለአክሲዮኑ፥ 99 ዶላር ለደላላው ይከፍላል። በዚያው ዋጋ መልሶ ቢሸጠው ሌላ 99 ዶላር ይቈረጥበታል። ስለዚህ ዋጋው ሳይወርድ 198 ዶላር ከሰረ፤ ዋናውን ለማግኘት እንኳ አክሲዮኑ ከ102 ዶላር በላይ መውጣት አለበት። በዚህ ዓይነት ገንዘቡን በሙሉ ዐሥር ጊዜ ቢያገላብጥ ገበያው ባለበት ቆሞ 1,800 ዶላር ያህል ይሄድበታል። ልጅቱ ደብተሩን ገልጣ ስትደምረው፥ ወንድምዋ በሦስት ምሽት ለደላላው የሰጠው ከ2,000 ዶላር በላይ ሆነ።

በአራተኛው ምሽት እንደ ገና ተጫወተ፤ ገበያው አራት ቀን ሙሉ ወረደ። እርሱም «ነገ ይነሣል» እያለ ሲወርድ ይጨምር፥ ጥቂት ሲነሣ ሸጦ ወደ ሌላው ይዛወር ነበር። በዐሥረኛው ቀን በእጁ የቀረው 7,400 ዶላር ነበር። ከእርሱ በኋላ ባለቤታችን ተቀመጠች፤ ከአምስቱም ማኅበራት እኩል ገዝታ እስከ መጨረሻው ሳትነካው ቈየች። ይህን ስንል የእርስዋ ብልኀት አሸነፈ ማለታችን አይደለም፤ ገበያው ሲወርድ የእርስዋም ሀብት አብሮ ወርዶአል። ለደላላው የከፈለችው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እንቅልፍዋንም አላጣችም። ልጃችን ብዙ ጊዜ ዝም አለና «አባባ፥ የእኅቴ ገንዘብ ባለበት ይቈይ» አለ።

አንባቢዎቻችን ይህን አይተው የአክሲዮን ገበያ ሁሉ ዕጣ ነው እንዳይሉ እንለምናለን። እውነተኛ ማኅበር ሕንፃ አለው፥ ሠራተኛ አለው፥ ዕዳና ትርፉ በዓመት ሒሳቡ ይታያል፤ ሒሳቡን የሚያነብ ሰው ከማያነበው ይልቅ ያውቃል። ለአገራችንም አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ አክሲዮን ይገዛና ይሸጥ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. የግል ድርጅቶች በተወረሱ ጊዜ ቀረ። የዛሬው ገበያ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት በካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ይጠበቃል። እንግዲህ ጨዋታው ሊያስተምር የሚችለው ስለ ማኅበሩ ሳይሆን ስለ ተጫዋቹ ነው፤ ይኸውም ሲያተርፍ እንዴት እንደሚታበይ፥ ሲከስር እንዴት እንደሚቸኵል ያሳየዋል። በጨዋታ ያገኘው ሀብት ግን፥ ላም አለኝ በሰማይ ወተትዋንም አላይ እንደ ተባለው ነው።

ስለዚህ ልጃችንን አልከለከልነውም፤ ነገር ግን ሦስት ነገር ተስማማን። መጀመሪያ፥ የሚገዛው ከገዛ ደመወዙ ባስቀመጠው ብቻ ይሁን፤ የሌላ ሰው ድርሻ አይነካ። ሁለተኛ፥ ቢጠፋ የቤቱን ራት የማያጐድል ገንዘብ ይሁን። ሦስተኛ፥ የማኅበሩን የዓመት ሒሳብ አንብቦ፥ ስለ ምን እንደሚገዛ ለእናቱ አስረድቶ ሳያሳምናት አይግዛ። ሦስተኛው ከሁለቱ ይልቅ እንደሚከብደው አስቀድመን ነግረነዋል።

ወላጆች ሆይ፥ እንዲህ ያለ ጨዋታ በቤታችሁ ቢገኝ አትጣሉት፤ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀመጡ፥ የቀኑንም ዋጋ በእጅ አስጽፉ። ልጁ ባተረፈበት ምሽት ግን ከማመስገናችሁ በፊት ዋጋው ስለ ምን እንደ ወጣ ጠይቁት። ልጃችን እስካሁን አንድም አክሲዮን አልገዛም፤ የሁለት ባንኮችን የዓመት ሒሳብ በማንበብ ላይ ነው። የእኅቱም የትምህርት ቤት ገንዘብ በጊዜው ተከፍሎአል።